ተራራውን ማን ይሸከመዋል? ከዓባይ በረሃ እስከ ዳንግላ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ዓባይ በረሃ

ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው፤ ሱሉልታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፒክአፑ የጓደኛዬ ነው። ሾፌራችን የቢቸና ልጅ ነው፤ ዝምታ አይወድም። ከኋላ የአጎቴ ልጅ ተቀምጧል።

ጉዞው የመጣው በእሱ ምክንያት ነው። ሰርቬየር ነው፤ ደቡብ ምዕራብ ያለ አንድ የድንጋይ ከሰል ድርጅት ቀጥሮታል። እስካሁን እዚያ አፈሩን ገፍፈው ከላይ ነበር የሚያወጡት። አሁን ከሰሉ ወደ ተራራው ሆድ እየገባ ስለሄደ ዋሻ ቆፍረው ሊከተሉት አስበዋል። እሱ ከመሬት በታች ገብቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የማዕድን ምሕንድስና የተማርኩት ፖላንድ፣ ሳይሌሲያ ነው። እዚያ ከሰሉ የሚወጣው ከመሬት በታች ነው፤ አንዳንዱ ጉድጓድ እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዳንግላ ያሉት አጎቴ ይህን ያውቃሉ። ደወሉና "ሳልመርቀው አይሄድም። አንተም አብረኸው ና፤ የሚሄድበትን ነገር አስረዳኝ" አሉ። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም።

ጎሐ ጽዮን ቁርስ በልተን መውረድ ጀመርን። ዓባይ በረሃን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሙቀቱና በጠመዝማዛው ነው። እኔ ግን የማዕድን ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን በእግሩ ሊወርደው ይገባል ባይ ነኝ። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ መሬት ተሰንጥቆ ሆዱን ያሳያል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ከዚያ ጂፕሰምና ሼል፣ ማለትም ስስ ስስ ሆኖ የሚላጥ የሸክላ ድንጋይ፣ የተፈራረቁበት ለስላሳው ክፍል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አሸዋ ድንጋይ።

አንድ ቦታ ላይ አስቆምኩ። የኖራ ድንጋዩ ንብርብር ከመንገዱ ዳር ወጣ ብሏል። ከሥሩ የነበረው ለስላሳ ድንጋይ በዝናብ ታጥቦ ሄዷል፤ ጠንካራው አየር ላይ ቀርቷል።

"ይሄ የዋሻ ጣሪያ ነው እንበል። ማን ነው የያዘው?" አልኩት።

"ማንም አልያዘውም።"

"ራሱን ነው የያዘው። ወደ ኋላ ከተራራው ጋር ስለተያያዘ ነው የቆመው። የሚወድቀው ያ ማያያዣ የተሰነጠቀ ቀን ነው።"

ከመኪናው ማርቴሎ አወጣሁ። ከሥሩ ሳንገባ ከዳር ቆመን ድንጋዩን መታነው። አንዱ ጋ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለት ክንድ ያህል አለፍ ብለን ስንመታ ድምፁ ዱም አለ፤ ከበስተጀርባው ባዶ ነው። የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድጋፍ ካለበት ቦታ ቆሞ ጣሪያውን በረጅም ብረት ይመታል። ድምፁ ካጠራጠረው ሌላውን እጁን ጣሪያው ላይ ያሳርፍና ንዝረቱን ይሰማል፤ የላላ ድንጋይ ጣት ሥር ይንቀጠቀጣል። ዘዴው ከማሽን በፊት የነበረ ነው፤ ማሽን ከመጣም በኋላ አልቀረም። ዱም ያለው ድንጋይ በረጅም ብረት ተፈንቅሎ ይወርዳል፤ ካልወረደ ይደገፋል። ሦስተኛ ምርጫ የለም።

ድልድዩ ጋ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ጠባቂዎቹ ገና ስልክ ሲያዩ ያፏጫሉ። አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው ነው፤ 303 ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ከጎኑ ቆሟል። ከድልድዩ በኋላ ሾፌራችን ወሬ አቆመ። ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት ላይ አስፋልቱ ተሰንጥቋል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሰምጧል። መሬቱ ራሱ ነው የሚንሸራተተው። ክረምት ላይ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሼሉና ከላይ የተከመረው ልል አፈር ይላሉ። ጃፓኖች እዚህ ስለ መንሸራተቱ ጥናት አድርገዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግንብ ከመደርደር በፊት የሚታሰበው ውሃውን ማስወጣት ነው።

ከሰል ጉድጓድ ውስጥም ጠላቱ ያው ነው። ከሰል ብዙ ጊዜ ከላዩ ሼል ወይም ጭቃ ድንጋይ አለው። ደረቁ ሼል ደህና ይቆማል። እርጥበት ሲያገኘው ይላጣል፣ ይፈረካከሳል። አሜሪካ ውስጥ የጣሪያ መደርመስ በበጋቸው ይበዛል። ከውጭ የሚገባው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ጤዛ ይሆናልና። "እኛ ጋ ታዲያ ክረምት ላይ ልጠንቀቅ?" አለ ልጁ። አዎ፤ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ክረምቱ ቶሎ አይወጣም።

ደጀን አደርን። ጥብስ እስኪመጣ የሆቴሉን የሂሳብ ወረቀት ገልብጬ አንድ ነገር አሰላሁለት። ድንጋይ በአንድ ሜትር ኩብ 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል። ዋሻው ከመሬት በታች 100 ሜትር ላይ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 250 ቶን አለ። ጣሪያው ላይ በየ1.2 ሜትሩ አንድ ቡሎን፣ ማለትም ድንጋዩ ተበስቶ የሚገባ ረጅም ብረት፣ ቢተከል ለአንዱ ቡሎን የሚደርሰው 1.44 ካሬ ሜትር ነው፤ ማለትም 360 ቶን። አንድ ደህና ቡሎን የሚችለው ከ10 እስከ 20 ቶን ነው።

ልጁ ወረቀቱን አየው። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?"

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱን ለነገ ብዬ አሳደርኩት፤ ጥብሱ መጥቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ደብረ ማርቆስ

ጠዋት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባን። ሾፌሩ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ። እኛ አንድ አናጢ ቤት ገባን። ሦስት ቀጫጭን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለመንኩ። አናጢው ምን ልሠራ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰጠኝ፤ ከዚያ ግን ሥራውን አቁሞ ያየኝ ጀመር።

ሦስቱን ደራርቤ በሁለት ብሎኬት ላይ ጋደም አደረግኳቸውና ልጁን መሃሉ ላይ በእግሩ እንዲጫን ነገርኩት። ጎበጡ። አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ጫፋቸው ላይ ይታያል። ከዚያ አናጢው በምስማር አያያዛቸው። አሁን ሲጫን እምብዛም አልጎበጡም። ሦስት እኩል ውፍረት ያላቸው ንብርብሮች ፈጽሞ እንዳይንሸራተቱ ሆነው ከተያያዙ፣ ለመጉበጥ ያላቸው እምቢታ ከተለያዩት በ9 እጥፍ ይበልጣል። እንጨቱ አልጨመረም፤ መንሸራተቱ ብቻ ነው የቀረው።

የትናንቱ መልስ ይህ ነው። ቡሎኑ ተራራውን አይሸከምም። የጣሪያውን የመጀመሪያ ሜትርና ሁለት ሜትር ሰፍቶ አንድ ወፍራም ንብርብር ያደርገዋል። ወይም ደካማውን ንብርብር ከላይ ካለው ጠንካራ ድንጋይ ጋር ያንጠለጥለዋል። የላላው ንብርብር ውፍረት 1.5 ሜትር ቢሆን ለአንዱ ቡሎን የሚደርሰው 5.4 ቶን ነው፤ ይህን በደንብ ይችለዋል። ተራራውን የሚሸከመው ድንጋዩ ራሱ ነው። ከላይ ያለው ክብደት ዋሻውን ዞሮ ወደ ጎንና ጎኑ ይወርዳል። የእኛ ሥራ ድንጋዩ ራሱን እንዲሸከም መርዳት ነው። ብዙ አዲስ ሠራተኛ ይህን ስለማያውቅ ወይ ያለ ልክ ይፈራል፣ ወይ አንድ እንጨት አቁሞ ያለ ልክ ይተማመናል።

አናጢው ጣልቃ ገባ። "እንጨት ግን አይናቅም" አለ። "ብረት ዝም ብሎ ነው የሚከዳህ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ጮኾ ነው የሚሰበር።"

የድሮ ከሰል ቆፋሪዎችም ያሉት ይህንኑ ነው። ለብዙ ዘመን ጣሪያው የሚደገፈው በእንጨት ቋሚ ነበር። ቋሚው ይቆማል፣ ከራሱ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ይገባል፣ በሽብልቅ ይጠብቃል። ጭነት ሲበዛበት መንጨርጨር ይጀምራል። ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ ይሮጣል። ጭነቱ የከበደበት ቦታ ደግሞ አጫጭር ግንድ በመስቀል እየተነባበረ እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ ይህ ዛሬም አለ። የእንጨት ችግሩ ሌላ ነው። መተላለፊያ ይዘጋል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ይበሰብሳል። ከሁሉ በላይ ጣሪያው ትንሽ ካልወረደ ጭነት አይቀበልም። ቡሎን ግን ገና ሳይላላ ይይዘዋል።

አሜሪካ ውስጥ ቡሎን በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ተከፍቶ የሚነክስ ብረት ነበር። በኋላ ፌሮ በሙጫ መትከል መጣ። ሁለት ዓይነት ኬሚካል የያዘ ቱቦ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ፌሮው እየተሽከረከረ ሲገባ ቱቦው ይቀደዳል፣ ኬሚካሉ ይቀላቀላል፣ ጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይጠነክራል። ከታች ላሜራና ዳዶ ይገባለታል። የሚገርመው ቡሎን በገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሟቹ መጠን እንደተጠበቀው አልቀነሰም። ኩባንያዎች ብልጫውን ለፍጥነት ነው ያዋሉት። ሕግና ቁጥጥር ሲጠብቅ፣ ሠራተኛው ካልተደገፈ ጣሪያ ሥር እንዳይገባ ሲከለከል ነው ቁጥሩ የወረደው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓመት መቶ ገደማ ሰው በጣሪያ መደርመስ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድም አልሞተም። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው ደንቡ ነው።

ከምሳ በኋላ ልጁ "ቡሎን እያለ የሚወድቅስ የለም?" አለኝ። አለ እንጂ። አሜሪካ አፓላቺያ ውስጥ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ። ከሰሉ ጥንት ጫካ ነበር። የዚያ ጫካ ጉቶ ቆሞ ሳለ በደለል ተቀብሮ ድንጋይ ሆኗል። ከዋሻው ጣሪያ ላይ ክብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያው ቀጭን የከሰል ቅርፊት ስላለው ከጣሪያው ጋር አልተያያዘም። ድምፅ ሳይሰጥ ይወርዳል፤ ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ክብ ያየ ሰው ቶሎ ላሜራ ያደርግበታል። ልጁ ደብተሩ ላይ ክብ ሣለ።

ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም

ደምበጫን አልፈን ጅጋ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂውን አስገባንና ፍኖተ ሰላም ጎሚስታ ጋ ተቀመጥን። ወረፋ አለ። ሾፌሩ ብርቱካን ገዛ። እኔ በእንጨት መሬቱ ላይ አራት ማዕዘን ሣልኩ።

ቡሎኑ ተራራውን ካልተሸከመ የሚሸከመው ምሰሶው ነው። ከሰል በክፍልና በምሰሶ ሲወጣ መንገድ ተቆፍሮ በመሃል አራት ማዕዘን ከሰል ይተዋል። መንገዱ 6 ሜትር፣ ምሰሶው በየጎኑ 12 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ምሰሶ ከራሱ ድርሻ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ 2.25 እጥፍ። ከሰል ሻጩ ደግሞ ምሰሶ ባየ ቁጥር የተተወ ገንዘብ ነው የሚታየው። ትንሽ ልላጠው ይላል። ጎኑን ባይላጥ እንኳ ከላይ ያለውን ከሰል ላውርድ ይላል። ይህ የባሰው ነው፤ ምሰሶው ይረዝማል፣ ቀጭን ይሆናል።

ደቡብ አፍሪካ፣ ኮልብሩክ የሚባል የከሰል ጉድጓድ። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1960። ምሰሶዎቹ አንዱ ሲወድቅ ጭነቱን ለጎረቤቱ እየሰጠ፣ ጎረቤቱም እየወደቀ፣ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ተደረመሰ። ከ430 በላይ ሰው እዚያው ቀረ። እዚያም የላይኛውን ከሰል ያወርዱ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ረዝመው ነበር። ከሳምንታት በፊት ከፊሉ ቦታ ፈርሶ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው ሳላሞንና ሙንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች የቆሙ 98 እና የወደቁ 27 የምሰሶ ቦታዎችን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ1967 ቀመር ያወጡት። በቀመሩ መሠረት የምሰሶው ቁመት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይወርዳል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይጠቀሙበታል፤ የተገኘው ግን ከቀብር በኋላ ነው።

ጎሚስታው ሳይቀር ቆሞ ይሰማ ነበር። "እና አሁን እዛ የሚገባ ሰው አለ?" አለ። አለ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጎማውን አንከባለለ።

ቡሬንና ጥሊሊን አልፈን ማታ እንጅባራ ገባን። ዝናብ ይዞናል፤ ሜዳው ሁሉ ለእንጨት ከሰል የተተከለ የግራር ደን ነው። ለሆቴል አልጋ ከማሰብ በፊት ቡና ፈለግን። ቡናው እስኪፈላ ልጁ በስልኩ ያየውን ቪዲዮ አሳየኝ፤ ግዙፍ የሃይድሮሊክ ድጋፎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ማሽን ከፊታቸው ከሰሉን እየላጠ ሲሄድ። ድጋፎቹ ወደ ፊት ይራመዳሉ። ከኋላቸው ጣሪያው ይወድቃል።

"ይሄ አደጋ ነው አይደል?"

አይደለም፤ እንዲወድቅ ነው የተፈለገው። እንዲያውም የሚያስፈራው ካልወደቀ ነው። ጠንካራ አሸዋ ድንጋይ ከኋላ ሳይወድቅ ከተንጠለጠለ ክብደቱ ሁሉ ወደ ድጋፎቹና ወደ ከሰሉ ፊት ይመጣል። በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ሲወርድ አየሩን ገፍቶ ሰው የሚጥል ነፋስ ያስነሳል። ስለዚህ ጥሩ ጣሪያ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ይህን ለማመን ሁለት ስኒ ፈጀበት።

ዓርብ፣ እንጅባራ

ጠዋት ዘንገና ሐይቅን አየን። ጭጋግ ስለነበር ከውሃው ይልቅ የወፍ ድምፅ ነው ያገኘነው። ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው፤ ተጋቢኖ በላን። እዚህ ድረስ መጥቶ ተጋቢኖ ያልበላ ጎጃም ደርሻለሁ አይበል።

አካባቢው እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ኮረብታዎቹ ቀይ ጠጠር ናቸው። ኮንትራክተሮች ሬድ አሽ ይሉታል፤ ለመንገድና ለብሎኬት ይጫናል። ከአስፋልቱ ብዙም ሳንርቅ አንድ ካባ አየንና ወረድን።

ልጆች ናቸው የሚቆፍሩት፤ አብዛኞቹ ከሃያ ዓመት አይበልጡም። ከታች በዶማ ይፍቃሉ፤ ጠጠሩ ይንደረደራል፣ በአካፋ ይጫናል። ከሥር ስለሚፍቁ ከላይ ያለው ወደ ፊት ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አናቱ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር አፈር አለ፤ ሥር ስለያዘው ብቻ ነው የቆመው። ከአፈሩ ኋላ፣ ከአፋፉ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ስንጥቅ አየሁ። እጄ ይገባበታል።

ልጆቹን ጠራኋቸው። በትህትና ነው የሰሙኝ። አንዱ፣ አለቃቸው መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ እኛም እናውቀዋለን። ዛሬ ሁለት ኢሱዙ ይጫናል፤ ከዛ ከላይ እንገፋዋለን" አለ።

ከኢሱዙው በፊት ግፉት አልኩት። ከሥር የሚፈቀፈቅ ጠጠር በፍጥነት ስለሚወርድ ነው እንዲህ የሚሠሩት፤ ስንፍና አይደለም፤ ክፍያው በጭነት ነው። ከላይ በደረጃ እየቆረጡ መውረድ ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ያንን ጥቁር አፈር መግፈፍ ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚከፍል የለም። ከሰል ጉድጓድ ውስጥም ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ሰዓት ነው። ከመጨረሻው ድጋፍ አልፎ፣ ገና ባልተደገፈው ጥቂት ሜትር ውስጥ፣ "አንዴ ልጨርሳትና" ሲል። ለዚህ ነው ዛሬ ማሽኖቹ ላይ ጊዜያዊ ድጋፍ የሚገጠመው። ቡሎን የሚተክለው ሰው ቆሞ ሳለ የብረት ክንድ ጣሪያውን ይደግፍለታል። እሱ ራሱ ጣሪያው የሚደገፍበትን ሥራ የሚሠራ ሰው ነውና መጀመሪያ መደገፍ ያለበት እሱ ነው።

ልጁ ሳይነገረው ወደ ላይ ወጣ፤ ዞሮ፣ ከሩቅ በኩል። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ሁለት ችካል ተከለ፤ አንዱን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። መሃሉን በሜትር ለካና ቁጥሩን ለአለቃቸው ነገረው። "ጠዋት ጠዋት ለካው። ከጨመረ ማንም ከሥር አይግባ።" ኩራት ተሰማኝ። እንግሊዞች ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀሙበት የነበረው ጠቋሚም በሐሳቡ ይኸው ነው። ከጣሪያው ውስጥ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ የታሰረ ሽቦ ጫፍ በጉድጓዱ አፍ ይወርዳል፤ ጣሪያው ከወረደ ባለ ቀለሙ ቁራጭ ይሸፈናል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ማንበብ የማይችልም ያነበዋል።

ስንሄድ ልጆቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሁለቱ ግን ዲጂኖ ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ በመስታወት አየሁ። ኢሱዙው ቆሞ ይጠብቃል።

ቅዳሜ፣ ዳንግላ

አጎቴ በር ላይ ቆመው ነበር። ጠላ ቀረበ፣ ዶሮ ቀረበ፣ ጎረቤት መጣ። ምርቃቱ ረዥም ነበር፤ "ከክፉ ድንጋይ ይሰውርህ" የሚል አለበት፤ ለዚህ ሲሉ ያዘጋጁት ይመስለኛል።

ሰው ሲወጣ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን ንገረኝ። ቦታው እንዴት ነው?"

አልዋሸኋቸውም። የኢትዮጵያ ከሰል ጣሪያው ከሳይሌሲያው ይከፋል። የእኛ ከሰል በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል የተኛ ነው፤ ብዙ ቦታ ከላዩ ጭቃ ድንጋይና ሸክላ አለ። ከጣና ማዶ ጭልጋ ያለውም እንዲሁ ነው። እርጥብ ሸክላ ውስጥ ቡሎን አይነክስም፤ የሚይዘው ነገር የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ቡሎን ገዝቶ መጥቶ "ዘመናዊ ነን" ማለት ራስን ማታለል ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የብረት ቅስት ነው፣ እርስ በርስ ቅርብ ቅርብ የሆነ፤ በመሃሉ ጣውላ ወይም ሽቦ የተደረደረበት። ሳይሌሲያ ጥልቁ ውስጥ የሚቆመው ቅስት ጭነት ሲበዛበት አይሰበርም፤ መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ይንሸራተትና እንደገና ይይዛል። ውሃ ማውጫም ከመጀመሪያው ቀን መቆፈር አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ከሰሉ ላይ ምን ድንጋይ እንዳለ በቁፋሮ ናሙና መታወቅ አለበት፤ አሜሪካኖች ለዚህ ጣሪያውን ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጡበት መለኪያ አላቸው። ንብርብሩ ስንት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል፣ ጠንካራ ንብርብር ከላይ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አጎቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "ይህን ሁሉ አድርገዋል?"

"ሄዶ ይጠይቃል።"

"ካላደረጉስ?"

ልጁ መልሱን ከእኔ ቀድሞ ሰጠ። "እመለሳለሁ፣ አባዬ።" አጎቴ ደስ አላቸው፤ ግን ፊታቸው ላይ ትንሽ ጥርጣሬ ነበር። ሥራ ያጣ ልጅ ቤት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

እሑድ፣ ባሕር ዳር

ዱርቤቴ ላይ ወደ ቁንዝላ የሚገነጠለውን መንገድ አሳየሁት። በዚያ በኩል ነው ጣና በለስ ያለው፤ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ወስዶ ከመሬት በታች ወዳለው ማመንጫ የሚጥለው። 460 ሜጋዋት ነው፣ በ2002 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ጎጃም ውስጥ ከመሬት በታች ይህን የሚያህል ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። ልዩነቱ የውሃ ዋሻ ለብዙ ዘመን ታስቦ በኮንክሪት መሸፈኑ ነው፤ የከሰል ዋሻ ግን ከሰሉ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በርካሽ ልወጣው የሚል የሚመጣበት። ልጁ ልናየው ፈለገ። ፈቃድ የለንም፣ ጊዜም የለንም።

ባሕር ዳር ዓሣ በላን። እሱ ነገ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እኔ ሁለት ቀን እዚህ ሥራ አለኝ። መናኸሪያው አጠገብ ቆመን ደብተሩን አወጣ። ክቡ አለ፣ የምሰሶው አራት ማዕዘን አለ፣ የካባው ቁጥር አለ።

"ጋሼ፣ ቡሎንም ቅስትም ገና አልመጣም ቢሉኝስ?"

"እንጨት ይኑራቸው። ተለክቶ የተቆረጠ፣ ሽብልቅ ያለው።"

"እንጨትም ከሌለ?"

"አትገባም።"

"ደሞዝ ቢቆርጡብኝስ?"

"ይቁረጡ። እኔ ጋ ደውል።"

እሺ አለና ትኬቱን ሊቆርጥ ሄደ።